አር ኪውቲኤል፦ ፒክ ፍለጋ ገብቼ የራሴን ዳታ ጉድ ያየሁበት

የደም ግፊት፣ ክብደት፣ አበባ የሚያወጣበት ጊዜ... እነዚህ በአንድ ጂን የሚያልቁ ነገሮች አይደሉም፣ ስለዚህ ሁለት ዘር አዳቅሎ ኤፍ ቱ (ዲቃላዎቹ እርስ በርስ ተዳቅለው የሚወለዱ) ወይ ባክክሮስ (ዲቃላው ከአንዱ ወላጅ ዘር ጋር መልሶ ተዳቅሎ የሚወለዱ) አውጥቶ ጂኖቹ የቱ ክሮሞዞም ላይ እንዳሉ ለሚያድን ሰው እኔ የምመክረው አር ኪውቲኤልን ነው። ነፃ ነው፣ እነ ካርል ብሮማን በ2003 ያስተዋወቁት የአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) ፓኬጅ ነው፣ ሁሉም ነገር በኮድ ስለሆነ አር የማይችል ሰው መጀመሪያ ላይ መማረሩ አይቀርም።

ፋይል ማስገባቱ ያናድዳል። ሲኤስቪው (የሰንጠረዥ ፋይሉ) ላይ የማርከሩ (ክሮሞዞም ላይ ቦታው የሚታወቅ የዲኤንኤ ምልክት) ስም፣ ከስሩ ክሮሞዞሙ፣ ከዛ ስር ቦታው በሴንቲሞርጋን (የጄኔቲክ ርቀት መለኪያ) ይገባል፣ የፌኖታይፕ (እንደ ክብደት ያለ የሚለካ ባህሪ) ኮለሞቹ ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባዶ መሆን አለባቸው። እኔ ደሞ ለማስታወሻ ብዬ እዛች ባዶ ቦታ ላይ "ግራም" ብዬ ጽፌ ክብደቱን እንደ ማርከር ቆጠረልኝና ግማሽ ቀን ከኮዱ ጋር ስጣላ ዋልኩ፣ ጥፋቱ የኔው ነበር።

በጣም የወደድኩት ግን ከስካኑ (ክሮሞዞሞቹን እየቃኘ ጂኖቹን ከሚፈልገው ዋና ሥራ) በፊት ያሉትን ቼኮች ነው። ናሙናዎቹን እርስ በርስ የሚያወዳድረውን ኮምፔርጂኖ የሚለውን ሳስኬደው ሁለት "የተለያዩ" አይጦች ጂኖታይፓቸው (ማርከሮቹ ላይ የተነበበው የዘር ውርሳቸው) አንድ አይነት ሆኖ ቁጭ! ለካ አንዱን ናሙና ሁለቴ ነው የቀዳሁት። ቀጥዬ ማርከሮቹ ምን ያህል አብረው እንደሚወረሱ በስዕል የሚያሳየውን ፕሎትአርኤፍን ከፈትኩ፣ ከዲያጎናሉ ርቃ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ቦግ ብላለች፣ ክሮሞዞም 3 ላይ ያስቀመጥኩት ማርከር አብሮ የሚወረሰው ከክሮሞዞም 7 ማርከሮች ጋር ነው። ይሄን ሳላይ ስካንዋን (ስካኑን የሚያስኬደው ትእዛዝ) ብዬ ቢሆን ኖሮ የሚያምር የተሳሳተ ግራፍ ይዤ ልፎክር ነበር።

ስካኑ ራሱ ቀላል ነው፣ የጎደሉትን ጂኖታይፖች ከጎረቤት ማርከሮች እየገመተ የሎድ ስኮር (እዛ ቦታ ላይ ጂን ለመኖሩ ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር) ያወጣላችኋል። ለመለማመድ አብሮት የሚመጣው ሃይፐር የሚባለው ዳታ አለ፣ 250 ወንድ አይጦች፣ የደም ግፊት፣ ክሮሞዞም 4 ላይ ሎድ 8 አካባቢ የሚደርስ ፒክ (የግራፉ ከፍታ) ታያላችሁ። እዛ ዳታ ላይ አብዛኛው ማርከር የተነበበው ግፊታቸው በጣም ከፍ ወይ በጣም ዝቅ ያለ አይጦች ላይ ብቻ ነው፣ እንዲህ ሲሆን ሄሊ ኖት የሚባለው ፈጣን የስሌት ዘዴ ይሸውዳችኋል፣ ኢኤም የሚባለው ሌላው ዘዴ ይሻላል ቢዘገይም። ትሬሾልዱን (ፒኩ እውነተኛ ለመባል ማለፍ ያለበትን የሎድ ወሰን) ደሞ ከሰው አትቅዱ፣ በራሳችሁ ዳታ 1000 ፐርሙቴሽን (ፌኖታይፑን በዘፈቀደ እያዘበራረቁ ስካኑን መድገም) አስኬዱ።

ስካንቱ ግን (ጥንድ ጂኖች የሚፈልገው) ቀርፋፋ ነው ወገን፣ በተለይ ከፐርሙቴሽን ጋር።

ስምንት ወላጅ ያለው እንደ ኮላቦሬቲቭ ክሮስ አይነት ፖፑሌሽን ካላችሁ በዚኛው አትድከሙ፣ አር ኪውቲኤል ቱ ለሱ ነው የተሰራው፣ ዳታ አቀራረቡ ግን ሌላ ስለሆነ ፋይላችሁን እንደ አዲስ ማዘጋጀት አለባችሁ። እኔ ለተራ ኤፍ ቱ አሮጌውን አልለቅም።