ዋተርስ የሌለበት ፒንክ ፍሎይድ፦ የ1987ቱን ልግዛ ወይስ አዲሱን ሚክስ?

ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከእንግሊዙ የሮክ ባንድ ከፒንክ ፍሎይድ ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ባንዱም አብሮት ያከተመ መስሎት ነበር። ግጥሙ የእሱ፣ የትላልቆቹ አልበሞች ሐሳብ የእሱ፣ ታዲያ ምን ቀረ? ጊታሪስቱና ዘፋኙ ዴቪድ ጊልሞርና ድራም መቺው ኒክ ሜሰን ግን ስሙን አንለቅም ብለው ድርቅ አሉ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ሙግቱ ሳይቋጭም በ1987 «ኤ ሞመንታሪ ላፕስ ኦቭ ሪዝን»ን ይዘው ብቅ አሉ።

ዛሬ ይህን አልበም ልግዛ ብላችሁ ብትፈልጉ በአንድ ስም ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንዱ የ1987ቱ ኦሪጅናል ነው። ሌላው በ2019 በአንድ ትልቅ የስብስብ ሳጥን ውስጥ ወጥቶ በ2021 ለብቻው መሸጥ የጀመረው አዲስ ሚክስ ነው፤ ማለትም የተቀዱት ድምፆች እንደገና ተቀላቅለው የተሠራ። እንደተለመደው ድምፁን ጠረግ ጠረግ አድርገው መልሰው የሸጡት እንዳይመስላችሁ። ድራሙን የሚመታው ሰው ራሱ ተቀይሯል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አልበሙ በአብዛኛው የተቀዳው ቴምዝ ወንዝ ላይ በቆመች አስቶሪያ በምትባል ጀልባ ላይ ነው፤ ጊልሞር ገዝቶ ስቱዲዮ ያደረጋት ናት። ሜሰን ያኔ እጁ ከድራም ርቆ ስለነበር አብዛኛውን ሥራ እንደ ጂም ኬልትነርና ካርማይን አፒስ ያሉ የተቀጠሩ ተጫዋቾችና የድራም ማሽን ሸፈኑት። ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት ደግሞ ቀደም ሲል በዋተርስ ግፊት ከባንዱ ወጥቶ ነበር፤ ወደዚህ አልበም የመጣውም ዘግይቶ፣ እንደ ሙሉ አባል ሳይሆን እንደ ተከፋይ ነው። እናም የ1987ቱን ስትሰሙ ባንድ ሳይሆን ጊልሞር ከብዙ እንግዳ ጋር ሲጫወት ነው የምትሰሙት። ዋተርስ ራሱ አልበሙን ፎርጅድ ብሎታል፤ ጎበዝ የሠራው ፎርጅድ መሆኑን ግን አልካደም።

ድምፁም ሰማንያዎቹን ጭልጥ አድርጎ የጠጣ ነው። ድራሙ አዳራሽ ውስጥ እንደሚፈነዳ ርችት ያስተጋባል፣ ሲንተሳይዘሩ ይብለጨለጫል። ይሄ ድምፅ ትዝታችሁ ከሆነ ሌላ ምክር አያስፈልጋችሁም፣ ኦሪጅናሉን ግዙ። ያገለገለው ሸክላም ብርቅ አይደለም፤ በሚሊዮን የተሸጠ አልበም ስለሆነ «እንደዚህ ዓይነቱ አይገኝም» እያለ ዋጋ የሚሰቅልባችሁን ሻጭ ትታችሁ ሂዱ። ሽፋኑ ላይ ባሕር ዳር የተደረደሩት ከ700 በላይ የሆስፒታል አልጋዎችም የእውነት አልጋዎች ናቸው፣ እንግሊዝ አገር ሶንተን ሳንድስ የሚባል ዳርቻ ድረስ ተጭነው ሄደው ነው የተነሱት። አዲሱ ሚክስ ከዚያው ቀረጻ ሌላ ፎቶ ነው የለጠፈው። እኔ የድሮው ይሻለኛል።

በአዲሱ ላይ ሜሰን ድራሙን እንደገና ተጫውቷል። ራይት በ2008 ስላረፈ ኪቦርዱን ባንዱ በመድረክ ሲጫወት ከተቀዳው ወስደው አስገቡለት። ሚክሱን የሠሩት ጊልሞርና የድምፅ ባለሙያው አንዲ ጃክሰን ናቸው። ውጤቱ ረጋ ያለ ነው፤ ድራሙ ቀረብ ብሎ ደረቅ ይላል፣ ኪቦርዱም ቦታውን አግኝቷል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከአልበሙ «ኦን ዘ ተርኒንግ አዌይ» የሚለውን ዘፈን በሁለቱም አከታትላችሁ በሄድፎን ስሙት፣ ጆሯችሁ ቶሎ ይወስናል። «ሶሮው» ግን ለምርጫ ብዙም አይረዳም። መግቢያው ላይ ያለው ያ የሚያጓራ ጊታር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ባለ ግዙፍ አዳራሽ ስፒከሮች ተለቅቆ የተቀዳ ነው፣ የትኛውንም ብትገዙ ጎረቤት ያስቆጣል።

ሪሚክስ ደግሞ ግጥም አያድስም። «ኤ ኒው ማሽን» የሚባሉት ሁለት ዘፈኖች ያኔም ድክም ያሉ ነበሩ፣ አሁንም ናቸው።

አዲሱን በሸክላ ካያችሁት ሁለት ሸክላ ነው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር። ድምፁ ያምራል፤ ግን 51 ደቂቃ የሆነ አልበም አራት ፊት ላይ ስለተከፈለ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነስቶ መገልበጥ ነው። ማጫወቻችሁን ወደ 45 መቀየር አትርሱ፣ አለዚያ ጊልሞር እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይዘፍንላችኋል። ሲዲው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፣ ከዲቪዲ ወይም ከብሉሬይ ጋር የሚሸጥም አለ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ አልበሙን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው አዲሱን ነው የምለው። ግን ከዋተርስ በኋላ ካለው አንድ ብቻ ነው የምገዛው ካላችሁ ሁለቱንም ተዉና የ1994ቱን «ዘ ዲቪዥን ቤል» ውሰዱ። እዚያ ላይ ራይት ከጊልሞርና ከሜሰን ጋር ተመልሷል፣ አምስት ዘፈን ላይም በድርሰቱ እጁ አለበት፣ ሦስቱ አብረው እየተጫወቱ የጀመሩት ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። በሸክላ ከሆነ ግን የ1994ቱን እትም አትግዙ። አንድ ሸክላ ላይ ይግባ ተብሎ ዘፈኖቹ ተቆራርጠዋል። ሙሉው በሁለት ሸክላ የወጣው በ2014 ነው፣ ሻጩን የየትኛው ዓመት እትም እንደሆነ ጠይቁት።