ሙንድሮፕ ቹ 2፣ ትሩዝኢር ዜሮ ሬድ እና ሹር ኤስኢ215፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሦስቱም ባለገመድ ኢን ኢር፣ ማለትም ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡ ኢርፎኖች ናቸው። ገመዳቸው ይነቀላል፤ ሲደረጉም ገመዱ በጆሮ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ይወርዳል። ቹ 2 እና ዜሮ ሬድ የወጡት በ2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው በ19 ዶላር ገደማ፣ ሁለተኛው በ55። ኤስኢ215 ግን አንጋፋ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፣ ዋጋውም 100 ዶላር አካባቢ ሲል ቆይቷል። በብር ስንት ነው ለሚለው፣ እንደ ምንዛሬውና እንደ አምጪው ስለሆነ አንገባበትም።

ዕቃው አዲስ ሳለ ወሬው ሁሉ ስለ ቤዝና ትሬብል፣ ስለ ወፍራሙና ስለ ቀጭኑ ድምፅ ነው። ወራት ሲያልፉ ግን አንዱን ከኪስ የማይለይ፣ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀረው ድምፁ አይደለም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው አፉ ምን ያህል ወፍራም ነው? አፉ ላይ የሚጠለቀው ጎማስ ቀዳዳውን በደንብ ይደፍናል ወይ? የሚወስነው ይሄ ነው። ድምፁም ቢሆን በዚሁ ይለወጣል፤ ስለዚህ ከአፉ እንጀምር።

የሬድ አፍ ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ነው። የጆሮ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ሰው መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማውም። ትንሽ ቆይቶ መግቢያው ላይ መጫን ይጀምራል፤ ሰዓት ሲሞላ አውልቆ ጆሮውን ማሸት ነው። ብዙ ሰው መፍትሔ ብሎ የሚያደርገው ትንሹን ጎማ መቀየር ነው፣ ይሄ ግን ያባብሰዋል። የብረቱ ውፍረት ያው ነው፤ ትንሹ ጎማ ሲለጠጥበት ይወጠራል፣ ትራስነቱ ይጠፋል፣ እንዲደፍን ሲባል ደግሞ የበለጠ ወደ ውስጥ መገፋት አለበት። የሚሠራው ተቃራኒው ነው፦ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ ግን ሲነካ የሚልመጠመጥ ስስ ጎማ። ጎማው መግቢያው ላይ ይደፍናል፣ ወፍራሙ አፍ ከውጭ ይቀራል። ይህም ተሞክሮ ካመመ ጉዳዩ የልምድ አይደለም፣ ዕቃውና ጆሮው አልተስማሙም ማለት ነው። «ሲለመድ ይተዋል» የሚል ሻጭ አይሰማ።

የሹር አፍ በተቃራኒው 3 ሚሊሜትር ገደማ ናት፤ ቀጭን ቧንቧ። በዚህ ምክንያት ጠልቆ ይገባል፣ ጠልቆም አያምም። አካሉ ጆሮ ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚተኛ በጎን ተኝቶ ማዳመጥ የሚቻለው በሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሬድ አካሉ ትልቅ ስለሆነ ትራስ ሲነካው ወደ ውስጥ ይገፋል። ቀጭንነቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ለሰፊ አፍ የተሠራ ተራ ጎማ ተደርጎበት ሲወልቅ ጎማው ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ልክ የተሠራ ጎማ ብቻ ይግዙ። እሱም አፉን ጥብቅ አድርጎ ስለሚይዝ ሲነቀል ቀጥ አድርጎ ከመሳብ ይልቅ በቀስታ እየጠመዘዙ ማውጣት ነው፤ በኃይል ሲጎተት የሚሰበረው አፉ ነው። ሌላው የሹር ነገር ጆሮ ላይ የሚዞረው ሽቦ ነው። እንደፈለጉ ታጥፎ ቅርጹን ይይዛል፣ ለሚንቀሳቀስ ሰው ጥሩ ነው። መነጽር ለሚያደርግ ግን ከመነጽሩ እግር ጋር ቦታ ይሻማል። መጀመሪያ ኢርፎኑን፣ ከዚያ መነጽሩን ማድረግ ይሻላል፤ ሻሽ የምታስር ወይም ሂጃብ የምትለብስም እንዲሁ ከጨርቁ በፊት።

ቹ 2 በምቾት በኩል ብዙ የሚወራበት ነገር የለውም። አካሉ ትንሽ፣ አፉ መካከለኛ ነው፤ ለአብዛኛው ጆሮ ይስማማል። ብረት ስለሆነ በሐምሌ ጠዋት ጆሮ ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው ይቆነጥጣል፣ ከደቂቃ በኋላ ይረሳል።

ጎማው መድፈኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የ50 ሄርትዝ ቋሚ ድምፅ ከዩቲዩብ ወይም ከማንኛውም የድምፅ ማመንጫ አፕ መክፈት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርገው ያጫውቱና አፍዎን ይክፈቱ፣ ይዝጉ፣ ራስዎን ወደ ጎን ያዙሩ። ድምፁ ብቅ ጥልቅ ካለ አየር እየገባ ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ሌላ ቁጥር ጎማ ለዚያኛው ጆሮ ያድርጉ፤ የአንድ ሰው ሁለት ጆሮ እኩል መሆን ግዴታው አይደለም። ፎም (ስፖንጅ መሰል) ጎማ ከሆነ በሁለት ጣት ጭምቅ አድርጎ ማቅጠን፣ በሌላኛው እጅ ከራስ ጀርባ ዞሮ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፣ አስገብቶ እስኪነፋ ወደ 15 ሰከንድ ያህል በጣት መያዝ። ይህን ሳያደርጉ «ቤዝ የለውም» ብሎ መፍረድ ዕቃውን መበደል ነው። ቀዳዳው ካልተደፈነ መጀመሪያ የሚጠፋው ዝቅተኛው ድምፅ ነውና።

ወደ ድምፅ እንምጣ። ለእኛ ሙዚቃ በገናን የመሰለ መፈተኛ የለም። አሥሩ አውታሮች የሚያወጡት ወፍራም ድምፅ አለ፤ እላዩ ላይ ደግሞ አውታሩና መቀመጫው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምንላት፣ የምትፈጥረው ንዝረት አለ። ጥሩ ኢርፎን ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ፣ ግን ለያይቶ ያሰማል። ሬድ ይህን ያደርጋል፦ ታችኛው ድምፅ ሲመታ ይሰማል፣ ንዝረቱ እስኪሞት ድረስ ይከተሉታል፣ የድምፃዊው ቃል ደግሞ ከሁለቱም ፊት ቆሞ ይቀራል። ውስጡ ሁለት ድራይቨር፣ ማለትም ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር አለ፤ 10 ሚሊሜትሩ ከታች ያለውን፣ 7.8 ሚሊሜትሩ የቀረውን ይይዛሉ። ቃናውን ያወጣው ክሪናክል በሚል ስም የሚታወቀው ገምጋሚ ነው። ቹ 2 በ10 ሚሊሜትር አንድ ድራይቨር ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የንዝረቱ ጠርዝ ትንሽ ይደርቃል፣ ቤዙ ቀለል ይላል። ሹር ላይ በገናው ወፍሮ፣ ሞቅ ብሎ ይመጣል፣ ንዝረቱ ግን ጨርቅ የተጣለበት ያህል ይደበዝዛል። የላይኛው ድምፅ ቀድሞ ስለሚወርድ ነው፤ አምራቹ ራሱ የሚጽፈው ወሰን 17.5 ኪሎ ሄርትዝ ላይ ያበቃል።

መሰንቆ ላይ ነገሩ ይለያል። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፋቅ የሚወጣው ሹል ድምፅ ጆሯችን በጣም በሚነቃበት ክልል፣ 3 ሺህ ሄርትዝ ዙሪያ ይጠነክራል፤ ቹ 2 ደግሞ እዚያው ክልል ላይ ወደፊት ይገፋል። በልክ ሲከፈት ደስ የሚል ሕይወት አለው። ድምፁ ከፍ ሲል መሰንቆውም ሆነ የድምፃዊቷ «ጽ» እና «ጭ» ይወጋል። ጎማውን አፉ ሰፋ ካለው ወደ ጠበብ ያለው መቀየር ይህን ትንሽ ያለዝበዋል፤ ኢርፎኑን ጥቂት ጠለቅ ማድረግም ከላይ ያለውን ሹል ቦታ ወደ ባሰ ከፍታ ስለሚያሸሸው «ስ» እንዳያፏጭ ይረዳል። በእኔ ሚዛን የአዝማሪ ሙዚቃ ለረጅም ሰዓት በሬድ ነው የሚሰማው።

የድሮ ካሴትና ከአብዮቱ በፊት የተቀረጹ ሸክላዎች ላይ ግን ሹር ያልተጠበቀ ባለሟል ይሆናል። የቅጂው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ያለው ከላይ ነው፣ ሹር ደግሞ ላይኛውን ስለሚቆርጠው ድምፃዊውና የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ይቀራሉ። ሬድ በአንጻሩ ምሕረት የለውም። በቴሌግራም እጅ በእጅ ሲዘዋወር የከረመ ባለ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲሰጠው ሲምባሉ ውኃ ውስጥ እንደተነከረ ሆኖ ይሰማል። ጥፋቱ የፋይሉ ነው።

ሬድ ሳጥን ውስጥ ባለ10 ኦም ትንሽ አዳፕተር ይመጣል፤ ጃኩና ስልኩ መካከል ሲገባ ቤዝ ይጨምራል። አስማት የለውም። ኢርፎኑ 17.5 ኦም ነው ቢባልም ሁለት ድራይቨር ስላለው በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ መከላከያው (ኢምፒዳንስ) እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ይለያያል፤ 10 ኦሙ ሲደመር ኃይሉ ይከፋፈላል፣ መከላከያው ዝቅ ያለበት ክልል የበለጠ ይቀንሳል፣ ቤዙ ከፍ ብሎ ይቀራል። በጠቅላላው ወደ 4 ዴሲቤል ይቀንሳልና ከአዳፕተሩ ጋርና ያለ እሱ ሲያወዳድሩ መጀመሪያ ቮልዩሙን ያስተካክሉ። ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፦ የአንዳንድ አሮጌ ላፕቶፕና ርካሽ ሚክሰር የኢርፎን መውጫ በራሱ 10 ኦምና ከዚያ በላይ አለው። ሬድ እዚያ ላይ ሲሰካ ሳይፈልጉት ቤዙ ይወፍራል። ቹ 2 እና ሹር አንድ ዳይናሚክ ድራይቨር ብቻ ስላላቸው መከላከያቸው ከሞላ ጎደል ዝርግ ነው፤ የትም ቢሰኩ ቃናቸው አይቀየርም። ለኪቦርዲስት ወይም በየቦታው ያገኘው ሚክሰር ላይ ለሚሰካ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጃክ ለሌለው ስልክ ታይፕ ሲ አዳፕተር ያስፈልጋል። ውስጡ የራሱ ቺፕ ያለውን ይምረጡ፤ ቺፕ የሌለው ርካሹ በአንዳንድ ስልክ ብቻ ይሠራል። የአፕሉ ጥሩ ድምፅ አለው፣ ግን ብዙ አንድሮይድ ላይ ቮልዩሙ ዝቅ ይላል። ሦስቱም ብዙ ጉልበት አይጠይቁም። ሹር ከሁሉም ይጮኻል፤ በአንድ ቮልት ከቹ 2 በ5 ዴሲቤል ያህል ስለሚበልጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ ቮልዩሙን አስቀድመው ይቀንሱ።

ታክሲና አውቶቡስ ላይ ውድድር የለም፣ ሹር ነው። አምራቹ የውጭ ጫጫታን እስከ 37 ዴሲቤል ይከላከላል ይላል፤ ያን ያህል የሚደርሰው በፎም ጎማ፣ በደንብ ጠልቆ ሲገባ ነው። የሚኒባሱን ሞተርና የረዳቱን ጥሪ ብዙውን ይወስዳል። ቹ 2 እና ሬድ ከዚህ ያነሱ ስለሆኑ ሰው ሳያስበው ቮልዩም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 89 ሲደርስ 5 ሰዓት ብቻ ነው የሚቀረው። መድረክ ላይ አንዱን አውልቆ በአንዱ መጫወትም ያው ጉዳት ነው፦ በአንድ ጆሮ ድምፁ ስለሚያንስ በዚያው ጆሮ ይጨምሩታል። የሹር መከላከል መንገድ ሲሻገሩ ጠላት መሆኑን ግን አይርሱ፤ የመኪና ክላክስ አይሰማም።

ከወራት በኋላ የሚመጣው የተለመደ ቅሬታ «የግራው ቀነሰ» ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ድራይቨሩ ደህና ነው። በቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ጎማውን አውልቀው በብርሃን ይዩት፣ ውስጡ የተደፈነ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የግራና የቀኙን ገመድ ያቀያይሩ፤ ድክመቱ ወደ ሌላው ጆሮ ከዞረ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የአዳፕተሩ ነው። እዚያው ከቀረ አፉ ላይ ያለውን ወንፊት ይመልከቱ። የጆሮ ኩክና ላብ ወንፊቱን በስስ ይሸፍኑታል፣ በዓይን ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፣ በብርሃን ሲያዘነብሉት ግን ያብለጨልጫል። አፉን ወደ መሬት አዙረው ለስላሳ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ያሳልፉበት፤ የወደቀው ወደ ውስጥ እንዳይመለስ ማዘቅዘቁ ግዴታ ነው። መርፌ አይግባ፣ ወንፊቱ ከተበሳ ቀጥሎ የሚደፈነው ድራይቨሩ ነው። ቹ 2 ላይ አፉ በክር የሚፈታ ስለሆነ ይህ ሥራ ቀላል ነው፤ ሲመልሱት በጣት ኃይል ብቻ ያጥብቁ። እርጥበት ከሆነ ጥፋቱ፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚገኘውን የሲሊካ ከረጢት ጨምረው የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት። የሲሊኮን ጎማ በሳሙና ይታጠባል። ፎም ቢታጠብም አይመለስም፤ በየቀኑ ለሚጠቀም ከአንድ እስከ ሦስት ወር ነው ዕድሜው፣ ይህን ወጪ ሹር ሲገዙ አብረው ያስቡት።

ገመዱን በተመለከተ ቹ 2 እና ሬድ 0.78 ሚሊሜትር ባለሁለት ፒን ናቸው። ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፣ ወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዙት ፒኑ ይጣመማል። ለርካሽ ኢርፎኖች የሚሸጠው ባለ0.75 ገመድ ይገባል፣ ግን ይላላል፣ ሲንቀሳቀሱ ይቆራረጣል። አዲስ ገመድ ሲሰኩ አንዱን ጎን ገልብጠው ካስገቡ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ነገር ግን ቤዙ ይጠፋል፣ መሐል መቆም የነበረበት ድምፃዊም ቦታ አጥቶ ይበተናል። አንዱን ጎን ብቻ አውጥተው አዙረው ይሰኩ፣ ወዲያው ይስተካከላል። የሹር ኤምኤምሲኤክስ መገጣጠሚያ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፣ ግን ይሽከረከራል። ብዙ ጊዜ ሲሽከረከርና ሲነቀል እየላላ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ እንጨት ነካ አድርገው ሁለቱንም ጎን ይጥረጉ፣ ሲደርቅ ይግጠሙ። በአካባቢያችን ገበያ ሐሰተኛ ሹር ብዙ ስለሆነ ገመዱ ሳይነካ ገና ከሳጥኑ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዕቃው ራሱ ነው።