ነጥብ ከሚሰጠው መተግበሪያ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ይሻላል

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎካችን ውስጥ ሃይላንድ፣ ካርቶንና የዘይት ጀሪካን ለብቻ የሚያስቀምጥ ቤት እየበዛ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር በስልካችን ሞክረናል። አንዱ ቆሻሻ ለለየ ሰው ነጥብ የሚሰጥ መተግበሪያ ነው። ሌላው የራሳችን ቴሌግራም ግሩፕ። ያየሁትን ልጻፍ፣ ምናልባት እናንተም ሰፈር ይጠቅማል።

መተግበሪያው ሲያዩት ያምራል። የለያችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ትልካላችሁ፣ ሰብሳቢ መጥቶ ይመዝናል፣ በኪሎው ነጥብ ይሞላላችኋል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ወደ ሞባይል ካርድ ይቀየራል። ልጆቼ ወደውት ነበር። ጠርሙሱን አለቅልቀው፣ ክዳኑን ለብቻ አድርገው፣ ጨፍልቀው ነው የሚያስቀምጡት። ይህን ማስተማሩ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ሰብሳቢው በተባለበት ቀን አይመጣም። ሲደወል ነገ ይባላል፣ ነገ ሲደርስ መኪናው ሌላ ሰፈር ነው ይባላል፣ ማዳበሪያው በረንዳ ላይ እየተቆለለ ይሄዳል፤ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ልብሱም የሚሰጣው ከሰሉም የሚቀጣጠለው እዚያው ነው። በዚያ ላይ ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። ከእኛ በላይ ያሉት እማማ ቤት ብዙ ጀሪካን ይወጣል። እሳቸው መተግበሪያውን እንዴት አድርገው ይጠቀሙበት? ነጥቡ ሞልቶለት ካርድ ያገኘ ሰው ብሎካችን ውስጥ አላየሁም።

ግሩፑ የተከፈተው ውሃ መጣ፣ መብራት ሄደ ለመባባል ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት ጎረቤታችን ናት፤ በየቤታችን ከቆራሌው ጋር ከምንከራከር ለምን አንድ ቀን ቆርጠን አንጠራውም አለች። አሁን አርብ ማታ ማስታወሻ ይለጠፋል። ያለው ሰው ምን እንዳለው ይጽፋል፣ መጻፍ የሚከብደው በቮይስ ይናገራል። እማማም «ልጆቼ፣ እኔ ጋ ጀሪካን አለ፣ አንዳችሁ አውርዱልኝ» ይላሉ፣ የሚያወርድላቸው ጠፍቶ አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት የምናውቀው ቆራሌው ከጓደኛው ጋር ይመጣል፣ ጥበቃው አጠገብ ሁሉም እያየ ይመዘናል፣ ሂሳቡ በቴሌብር ይገባል፣ ስክሪንሹቱ ወዲያው ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ብሩ ብዙ አይደለም። ለደረጃው አምፖልና ለመጥረጊያ ግን በቅቷል። ማታ ደረጃው በርቶ ሲያይ ሰው ሃይላንዱ ምን እንደሠራ ይገባዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላም ቤት ይጨመራል።

ቆራሌውም ተጠቅሟል። ከብሎክ ብሎክ እየጮኸ አይውልም፣ ጭነቱን አንድ ላይ ይዞ መርካቶ ወዳለው ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መተግበሪያ የሚባል ነገር ሳይመጣ አዲስ አበባ ውስጥ ሪሳይክል ሲያደርጉ የኖሩት ቆራሌዎች ናቸው። የእነሱን እንጀራ የሚዘጋ ዲጂታል አገልግሎት አልፈልግም።

ግሩፑም እንከን አለው። የበዓል ሰሞን በ«እንኳን አደረሳችሁ» ፎቶ ይጥለቀለቅና ማስታወሻው ይጠፋል፤ ፒን አድርጉት። ፌስታል የሚወስድ የለም። ከሁሉም የከበደን ግን የወጥ ቤቱ ነው። ከከተማችን ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ የተረፈ እንጀራ፣ የቡና አተላ፣ ገረባ። ለዚህ መተግበሪያውም ግሩፑም እስካሁን ምንም አላደረጉም። እርጥቡ ከደረቁ ጋር ተደባልቆ ረጲ፣ ቆሼ የምንለው የከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ይደርሳል። እዚያ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የተሠራ ነው፣ እርጥብ ቆሻሻ ደግሞ እስኪደርቅ ድረስ ብቻ ብዙ ሙቀት ይጨርሳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚያው ቆሼ ላይ ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ያ ክምር ከየቤታችን የወጣ ነው። ስለ ቆሻሻ መለየት ሲወራ እኔ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

የክፍያው ነገርም አለ። የቆሻሻ የምንከፍለው ከውሃ ቢል ጋር ነው፣ የሚሰላውም በውሃ ፍጆታችን ነው። ስለዚህ ለይቶ ግማሹን የቀነሰ ቤትና ሁሉንም በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ የሚጥል ቤት ውሃቸው እኩል ከሆነ ክፍያቸውም እኩል ነው። ሴኡል ውስጥ በብዙ አፓርታማዎች ግቢ የምግብ ትራፊ የሚመዝን ገንዳ አለ። ካርድ ታስነካላችሁ፣ ይከፈታል፣ ይመዝናል፣ በክብደቱ ልክ ያስከፍላል። ትንሽ የጣለ ትንሽ ይከፍላል። እኛም ቢል በስልክ መክፈል ለምደናል፤ የከተማው ጽዳት አስተዳደር ኤጀንሲ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ጀምሮ ቢሞክረው በጣም ደስ ይለኛል።

ለጊዜው ለግሩፑ ከአምስት አራት ኮከብ እሰጣለሁ። ለመተግበሪያው ሁለት፣ እሱም ልጆቹን ስላስተማረ ነው። አማርኛ ከጨመረና ሰብሳቢው በቀኑ ከመጣ መልሼ እጭነዋለሁ። የወጥ ቤቱን ትራፊ በግሩፕ አስተባብራችሁ ለከብት አርቢ ወይም ለአትክልት ቦታ የምትሰጡ ካላችሁ ግን እባካችሁ አሠራሩን ጻፉልኝ። እኛ ብሎክ ባልዲ ለመግዛት የተስማሙ ቤቶች አሉ፣ የጎደለን የሚወስደው ሰው ነው።