ኮምፓውንድ ቦው ላይ ምን ይገጠም? ከአንድ ሙሉ የአደን ወቅት በኋላ የኔ ልምድ

ቁርጡን መጀመሪያ ልንገራችሁ፦ ለአዲስ ኮምፓውንድ ቦው (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው፣ ከክሩ ሌላ ኬብሎችም ያሉት ዘመናዊ ቀስት) ከምትገዟቸው ዕቃዎች ውስጥ ገንዘብ የሚገባቸው እጃችሁንና ክሩን የሚነኩት ናቸው። ሪሊዙ (ክሩን ይዞ የሚለቀው ባለ ቃታ መያዣ)፣ ፒፑ (ክሩ ውስጥ የሚገባው፣ አሻግረህ የምታይበት ትንሽ ቀለበት)፣ ዲ ሉፑ (ሪሊዙ የሚይዛት፣ ክሩ ላይ የታሰረች ትንሽ ገመድ)፣ ረስቱ (ፍላጻው የሚያርፍበት)። ፊት ለፊት ተገጥሞ የሚያምረው ነገር ሁሉ ከነሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ሱቅ ስትገቡ ግን ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ያንን የሚያምረውን ነው።

የኔ ቦው የሆይት ሥሪት ነው፣ የመሳቢያ ክብደቱ 60 ፓውንድ ላይ የተስተካከለ፣ የመሳቢያ ርዝመቱ 28 ኢንች። ዕቃ የተገጠመለትን ፓኬጅ ትቼ ባዶውን ገዛሁና ሌላውን አንድ በአንድ ገጠምኩበት። ስፕሪንግ ላይ ተገዝቶ ሰመሩን ሙሉ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ላይ ተተኮሰበት፣ ከዛ ከኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ (ቨርጂኒያ የቀስት ወቅት የሚከፈተው ያኔ ነው) ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰብ መሬት ላይ ሲያድን ከረመ። እዛ ያለው ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ዛፍ ላይ ከታሰረ ማማ ሆነህ አጋዘን የምታገኘው በ15፣ በ20፣ ቢበዛ በ30 ያርድ ነው። ይሄን የምናገረው ለዩታ ወይ ለኮሎራዶ ተራራ የሚመረጥ ዕቃና ለኛ ጫካ የሚመረጠው አንድ ስላልሆነ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ግን ሁሉም እዛው ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው።

ሳይት (ማነጣጠሪያው) ላይ ብዙ አልደክምም። ባለ ሦስት ፒን (ፒን ማለት ለአንድ ርቀት ዒላማው ላይ የምታሳርፈው ነጥብ ነው)፣ ወደ 100 ዶላር አካባቢ፣ ፒኖቹ 0.019 ኢንች ውፍረት ያላቸው ፋይበር ኦፕቲክ፣ ለ20፣ ለ30 እና ለ40 ያርድ የተስተካከሉ። ባለ አምስት ፒኑን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ግን ለኛ ርቀት ሁለቱ ፒኖች የማትጠቀምባቸው ሆነው አጋዘኑን ይሸፍኑብሃል። አንድ ፒን ኖሮት በመዘውር የሚወርድ የሚወጣው ሳይት ደግሞ ሬንጅ ላይ ግሩም ነው፣ አጋዘኑ ከ18 ተነስቶ ወደ 28 ሲሄድ ግን እጅህን አንቀሳቅሰህ መዘውር ማዞር አለብህ፣ እንቅስቃሴ ደግሞ እዛ ላይ ምን እንደሚያስከትል አድኖ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ እንዳይቀር፦ ውስጡ የውሃ ልክ ያለው ይሁን። ከማማ ላይ ወደ ታች ስታነጣጥር ቦውህ ወደ ጎን እንዳዘነበለ በዓይንህ ብቻ አታውቀውም።

እግረ መንገዴን ሬንጅፋይንደር (ርቀት መለኪያው)። ማዕዘን አስልቶ ትክክለኛውን ርቀት የሚነግረው ዓይነት በጣም ይወደሳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ተራራ ለሚወጣ ሰው ያስፈልገዋል፣ አያከራክርም። ግን እስቲ እናስላው፣ ማማህ ከመሬት 20 ጫማ ቢሆንና አጋዘኑ ከዛፉ ስር 20 ያርድ ቢርቅ፣ ተራው ሬንጅፋይንደር የሚልህ 21 ነው። አንድ ያርድ! ለዛች አንድ ያርድ ተጨማሪ ብር አላወጣሁም፣ አንድም ቀን አላስፈለገኝም።

ፒፑ ላይ ግን አትሰስቱ፣ ውድም አይደለም፣ መምረጥ ብቻ ነው። ቀዳዳው 1/4 ኢንች የሆነውን ነው የያዝኩት። ጠበብ ያለው ሬንጅ ላይ ጥራት አለው፣ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊትና ከገባች በኋላ ግማሽ ሰዓት ድረስ መተኮስ ይፈቀዳል፣ አጋዘን ደግሞ የሚወጣው በዛችው ሰዓት ነው፣ በጠባብ ቀዳዳ ስታይ ፒኑ ይታይሃል አጋዘኑ ግን የለም፣ ጨለማ ብቻ። ፒፑን ከሳይቱ በኋላ ግዙት፣ ምክንያቱም ሙሉ ስትስቡ የሳይቱ ክብ በፒፑ ክብ ውስጥ ልክክ ብሎ መግባት አለበት፣ ያ የሚታወቀው ሁለቱም ተገጥመው ሲታይ ነው።

ረስት ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ዊስከር ቢስኪት የሚባለው ክብ ሆኖ ውስጡ በጠንካራ ብሩሽ ጸጉር የተሞላ ነው፣ ፍላጻውን ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል፣ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው የሚበላሽ ነገርም የለውም፣ ላባውን ግን በጊዜ ብዛት ያሳሳዋል። ድሮፕ አዌይ የሚባለው ደግሞ ስትስብ ተነስቶ ፍላጻውን ይሸከምና ስትለቅ ላባው ሳይደርስበት ዘጭ ብሎ ይወርዳል። እኔ የገጠምኩት በኬብል የሚሠራውን ድሮፕ አዌይ ነው፣ ማለትም ከረስቱ የወጣች ቀጭን ገመድ ቦው ሲሳብ ወደ ታች ከሚወርደው ኬብል ጋር በትንሽ ክላምፕ ትያያዛለች፣ ኬብሉ ሲወርድ ገመዷ ትሳባለች፣ ረስቱ ይነሳል።

ሰመር ሙሉ ምንም አላለም። በፊልድ ፖይንት (ምላጭ የሌለው የመለማመጃ ጫፍ) 20 ያርድ ላይ ፍላጻዎቹ እየተጋጩ ነበር የሚሰኩት። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ወደ ብሮድሄድ (ባለ ምላጭ የአደን ጫፍ) ስቀይር ግን ፍላጻው ወደ ታች መሄድ ጀመረ፣ ያውም በግልጽ። ቋሚ ምላጭ ያለው ብሮድሄድ አየሩን ፊት ለፊት ስለሚይዘው ፍላጻው ትንሽ ተጣሞ ከወጣ ወደ ተጣመመበት ይዞት ይሄዳል፣ ፊልድ ፖይንት ግን ያንኑ ችግር ይደብቅልሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳይቱን ዝቅ አድርጎ ይገላገላል። አይሆንም። ወረቀት ወጥሬ ከቅርብ ተኮስኩበት፣ የፍላጻው ጫፍ የበሳው ክብ ቀዳዳ ከታች፣ የላባው ቅዳጅ ደግሞ ከሱ በላይ ወጣ፣ ማለትም ፍላጻው አፍንጫውን ደፍቶ ነው የሚወጣው። ከዛ ጓደኛዬ ከጎን ሆኖ እያየ ሙሉ ስስብ ረስቱ እስከ ላይ አይደርስም፣ የሳንቲም ውፍረት ያህል ይቀረዋል። ኬብሉን በባትሪ ስናየው ነገሩ ቁልጭ አለ፦ ክላምፑ መጀመሪያ የታሰረበት ቦታ ክሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ክላምፑ ራሱ ግን ከዛ ሽቅብ ተንሸራቷል። በሳብክ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ገመዷ ረገበች ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር፣ ቦው ፕሬስ (ቦውን ጨምቆ ክሩንና ኬብሉን የሚያረግብ መሣሪያ) ያለው ሱቅ ወስጄ ክላምፑን አስወጥተን ገመዷን በኬብሉ ክሮች መሃል አሳልፈው በክር ጠምጥመው አሰሩልኝ፣ ከዛ በኋላ ወቅቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። በኬብል የሚሠራ ረስት የምትገዙ ሁሉ ከመጀመሪያው እንደዚህ አስሩልን በሉ፣ ክላምፑ ለጊዜው ብቻ ነው። ደግሞ ብሮድሄዳችሁን ወቅቱ ከመከፈቱ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ሞክሩ። የኔ ብሮድሄድ ጂ5 ሞንቴክ ነው፣ ክብደቱ 100 ግሬን፣ ከአንድ ብረት የተሠራ ስለሆነ ሲደነዝ እየተሳለ ይመለሳል። ቨርጂኒያ ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋት ትጠይቃለች፣ ግዛታችሁ የሚለውን ሕግ እዩ።

ሪሊዝ ላይ ሰው ሲቆጥብ ሳይ ያናድደኛል። ቦውን ከአንተ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው እኮ። የኔ ቦው ሌት ኦፉ (ሙሉ ሲሳብ የሚቀልልህ ክብደት) 85 በመቶ ነው፣ ስለዚህ 60 ፓውንድ ስበህ መጨረሻ ላይ የምትይዘው 9 ፓውንድ ያህል ነው፣ ረጋ ብለህ ማነጣጠር የቻልክበት ምክንያት ይሄ ነው፣ ያንን ሁሉ እርጋታ ቃታው የሚንገራገጭ ሪሊዝ በአንድ ጊዜ ያጠፋዋል። አንጓ ላይ የሚታሰረውን በጣት የሚለቀቀውን መረጥኩ፣ ማሰሪያው በዘለበት የሆነ። ቬልክሮ ከሆነ ጸጥ ባለ ጠዋት ስትከፍተው የሚያወጣው ድምፅ አይጣል ነው። ርዝመቱን ደግሞ በምታድኑበት ጃኬትና ጓንት አስተካክሉት፣ ኖቬምበር ላይ ወፍራም ልብስ ስትለብሱ ጣታችሁ ቃታው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ዲ ሉፑ የጥቂት ዶላር ገመድ ናት፣ ጫፏ መበጣጠስ ስትጀምር ያኔውኑ አስቀይሩ፣ ሙሉ ስባችሁ ብትበጠስ እጃችሁ ወደ ፊታችሁ ነው የሚመለሰው።

ስለ ድምፅ። ፍጥነት ሁሉም ያወራለታል፣ ግን እንደኔ ያለ ቦው ፍላጻውን ወደ 270 ጫማ በሰከንድ ቢልክ ድምፅ ደግሞ ከ1,100 በላይ ይሄዳል፣ በ20 ያርድ ላይ ፍላጻው ሳይደርስ አጋዘኑ ሰምቶ ለመሸሽ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ የኔ ብር ፍጥነት ላይ ሳይሆን ጸጥታ ላይ ነው የሄደው፣ እሱም ብዙ አይደለም፦ ፍላጻው ሊነካው የሚችለውን የእጀታውን ወለል በሚለጠፍ ፌልት ሸፈንኩት፣ ዊንጮቹን ሁሉ በሰማያዊ ሎክታይት (የዊንጭ ማጣበቂያ) አጠበቅኩ፣ 8 ኢንች ስታብላይዘር (ቦው ፊት ላይ የሚገጠም የሚዛን ዘንግ) ገጠምኩ። ረጅሙ ስታብላይዘር ሚዛኑ ደስ ይላል፣ ማማ ላይ ግን ከመደገፊያ ብረቱም ከቅርንጫፉም ጋር ይጋጫል። ኩዊቨሩ (የፍላጻ መያዣው) ተነቃይ ይሁን፣ ማማ ላይ ስደርስ ነቅዬ ቅርንጫፍ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ልምምዴም ያለሱ ነው።

ቦው ላይ የማይገጠም ግን ከሁሉም በፊት የሚገዛው ዕቃ ሙሉ ሰውነት የሚይዘው ሃርነስ ነው። ከመሬት እግራችሁን ስታነሱ ጀምሮ እስክትመለሱ ድረስ ከገመድ ጋር የታሰራችሁ ሁኑ። ማማ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው የወደቁ አሉ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ዋጋው ሲከብዳችሁ አንድ ነገር እወቁ፣ በቦውና በአክሰሰሪዎቹ ላይ 11 በመቶ የፌደራል ኤክሳይዝ ታክስ አለ፣ በ1937ቱ የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ ሥር በ1970ዎቹ የተጨመረ ነው፣ ገንዘቡም ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለአዳኝ ትምህርት ለግዛቶቹ ይመለሳል። እኔ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው።

ወቅቱ በጎ ነበር። አጋዘኖቹ በብዛት የሚንቀሳቀሱት ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ህዳር 15 የነቢያት ጾም ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ይላል፣ ስለዚህ ሥጋው አብዛኛው ቋንጣ ሆኖ ገናን ጠበቀ። የአጋዘን ሥጋ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ለቋንጣ እንደሱ የሚሆን አላየሁም።

አሁን የምቀይረው ረስቱን ብቻ ነው። አሁን ያለውም ይሠራል፣ ግን በሊምብ (ሲሳብ በሚታጠፈው የቦው ክንፍ) የሚሠራውን እፈልጋለሁ፦ እዛ ገመዷ ረስቱን ወደ ታች ይዛ ትቆያለች፣ ስትስብ ሊምቡ ሲታጠፍ ትረግባለች፣ ስፕሪንጉ ያነሳዋል፣ ክሩ በጊዜ ብዛት ቢሳሳብም ታይሚንጉ (ረስቱ የሚነሳበትና የሚወርድበት ቅጽበት) እንደ ኬብሉ ቶሎ አይዛባም። ሳይቱ፣ ፒፑ፣ ሪሊዙ እንዳሉ ይቀጥላሉ። ረስቱን ለማስገጠም ስወስደው ዲ ሉፑንም አብሬ አስቀይራለሁ፣ ክሩን ሰም እቀባና ኤፕሪል ላይ ሬንጅ እገባለሁ።