ኦርግ ሞድ፣ ኦብሲዲያን ወይስ ቱዱ-ቴክስት ከፓንዶክ ጋር? በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የቀረበ ንጽጽር

የሥራ ዝርዝርን በተራ ጽሑፍ ፋይል መያዝ ሦስቱም ይችላሉ። የሚለያዩት ከዚያው ፋይል ለአለቃ፣ ለመምህር ወይም ለደንበኛ የሚሰጥ ሰነድ ማውጣት ሲያስፈልግ ነው። ጽሑፉ አማርኛ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል፤ በእንግሊዝኛ እንከን የሌለው ፋይል በእኛ ፊደል ባዶ ወረቀት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ በመጨረሻ የምታስረክቡት ፒዲኤፍ ነው፣ ዎርድ ነው ወይስ ምንም? የሚከተለው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ መልስ ነው።

ኦርግ ሞድ ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ አርታዒ ውስጥ የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ካርስተን ዶሚኒክ የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሲሆን ዛሬ ኢማክስን የጫነ ሁሉ አብሮ ያገኘዋል። ኦብሲዲያን በ2020 የወጣ፣ ማርክዳውን (መልኩን በቀላል ምልክቶች የሚያመለክት ተራ ጽሑፍ) ፋይሎችን የሚያነብ መተግበሪያ ነው፤ ፋይሎቹ የእናንተ ናቸው፣ የመተግበሪያው ኮድ ግን ክፍት አይደለም። ቱዱ-ቴክስት ጂና ትራፓኒ በ2006 ያስጀመረችው አጻጻፍ ነው፤ አንድ ሥራ በአንድ መስመር ይሰፍራል። ራሱ ሰነድ ስለማያወጣ፣ ዘገባውን ለብቻ በማርክዳውን ጽፎ ጆን ማክፋርሌን በሠራው የሰነድ መቀየሪያ ፕሮግራም በፓንዶክ መቀየር የተለመደ ነው።

| | ኦርግ ሞድ | ኦብሲዲያን | ቱዱ-ቴክስትና ፓንዶክ |
|---|---|---|---|
| ፒዲኤፍ | በላቴክ (የሰነድ ማቀናበሪያ ፕሮግራም)፣ ወይም ከብሮውዘር በማተም | ከኮምፒውተር በቀጥታ | በላቴክ ወይም በሌላ ሞተር |
| ዎርድ | በሊብሬኦፊስ በኩል | ፓንዶክን በሚጠራ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) | በቀጥታ |
| የቀን አጀንዳ | አብሮት አለ | በታስክስ ፕለጊን | የለም |
| ስልክ ላይ | ኦርግዝሊ፣ ቢኦርግ | የራሱ መተግበሪያ | ማንኛውም አርታዒ |

ሦስቱንም ለማውረድ ክፍያ የለም። ኦብሲዲያን ከሚያስከፍልባቸው አገልግሎቶች አንዱ ስልክንና ኮምፒውተርን የሚያመሳስለው ነው፤ ክፍያው በዶላር ስለሆነ ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ሰው ሲንክቲንግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለኦርግና ለፓንዶክ ከባዱ ወጪ ላቴክን ማውረድ ነው፤ ሙሉው ጭነት በርካታ ጊጋባይት ይበላል። ኢንተርኔታችሁ በጥቅል የሚገዛ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ አስቡበት።

የትእዛዞችንና የማስተካከያዎችን ስም እዚህ እንደ አነጋገራቸው በፊደላችን ጽፈናል፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ባዶው ገጽ

ኦርግ ሞድ ፒዲኤፍ ሲያወጣ በነባሪ የሚጠራው ፒዲኤፍ-ላቴክ የተባለውን ሞተር ነው። ይህ ሞተር የእኛን ፊደል ሲያገኝ የዩኒኮድ ፊደሉ እንዳልተዘጋጀለት የሚገልጽ ስሕተት ይጥላል። ኢማክስ ከታች የሚያሳየው አጭር መልእክት ምክንያቱን አይነግራችሁም፤ ዝርዝሩ ያለው «ኦርግ ፒዲኤፍ ላቴክ አውትፑት» በሚለው መስኮት ውስጥ ነው።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ ነው፣ ብዙ ሰው ግን አንደኛው ላይ ይቆማል። መጀመሪያ በፋይሉ ራስጌ ላይ «ላቴክ ኮምፓይለር» የሚለውን መስመር ወደ ሌላው የላቴክ ሞተር፣ ወደ ዚላቴክ፣ ቀይሩ። አሁን ስሕተቱ ይጠፋል፣ ፊደሉም አብሮ ይጠፋል፤ የዚላቴክ ነባሪ ፎንት ላቲን ሞደርን ነው፣ የእኛ ፊደል በውስጡ የለም። ቁጥሮቹና የእንግሊዝኛ ቃላቱ ብቻ ቀርተው ሌላው ነጭ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ደረጃ ጨምሩ፦ በ«ላቴክ ሄደር» መስመሮች ፎንትስፔክ የተባለውን ጥቅል ጥሩና «ሴትሜይንፎንት» በሚለው ትእዛዝ የኢትዮጵያ ፊደል ያለው ፎንት ስጡት። በማሽን ፊደል የሚወጣ ጽሑፍ ካለ «ሴትሞኖፎንት» ለብቻው ይፈለጋል፤ አለበለዚያ ያ ክፍል ብቻ ባዶ ሆኖ ይቀራል።

የትኛው ፎንት? አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለረጅም ንባብ የሚያምር ፎንት ነው፣ ነገር ግን የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። በዚላቴክ ቦልድ ያላችሁት ቃል ከሌላው ሳይለይ ይወጣል፣ ርእሶቹም እንዲሁ። ቦልድ የሚፈልግ ሰነድ ላይ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን እንመርጣለን፤ ሲወርድ «ስታቲክ» በሚለው ፎልደር ያሉትን ፋይሎች ጫኑ። ዘመም ያለ ጽሕፈት በአብዛኞቹ የፊደላችን ፎንቶች ውስጥ ስለማይገኝ አጽንዖትን በቦልድ ብቻ መስጠት ይሻላል።

ፓንዶክም በዚሁ ወጥመድ ይገባል፤ «ፒዲኤፍ ኤንጂን» ዚላቴክ፣ «ሜይንፎንት» ደግሞ የፎንቱ ስም ሲሆን ይስተካከላል። እርሱ በተርሚናሉ ላይ የጎደለውን ፊደል በስም ጠርቶ ስለሚያስጠነቅቅ ችግሩን ማግኘት ከኦርግ ይልቅ ይቀላል። ኦብሲዲያን እዚህ ላይ ሁለቱንም ይበልጣል። ፒዲኤፉን የሚሠራው እንደ ብሮውዘር ስለሆነ በዊንዶውስ ኢብሪማ፣ በማክ ኬፋ የተባለውን ፎንት ራሱ ፈልጎ ይጠቀማል፤ ምንም ማስተካከያ አይጠይቅም።

ኦርግን ወድዶ ላቴክን ለመጫን ለማይችል ሰው ጥሩ አቋራጭ አለ። ኮንትሮል-ሲ፣ ኮንትሮል-ኢ ተጭናችሁ ቀጥሎ ኤችና ኦ ስትሉ ሰነዱ በብሮውዘር ይከፈታል፤ ከዚያ ወደ ፒዲኤፍ አትሙት። የገጽ ቁጥርና የራስጌ ቁጥጥር ይቀንሳል፣ ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ ግን ይበቃል።

ቦልድ የማይሆነው ቃል

ይህ በአማርኛ የሚጽፉትን በተለይ የሚያስቸግር ነው። ኦርግ ከመዝጊያው ኮከብ ምልክት በኋላ ክፍት ቦታ ወይም የታወቁ የላቲን ሥርዓተ ነጥቦችን ይጠብቃል። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ በዝርዝሩ የሉም። ስለዚህ በኮከብ የተከበበ ቃል አራት ነጥብ ሲከተለው ቦልድ አይሆንም፤ ኮከቦቹ እንዳሉ ታትመው ይወጣሉ። ቃሉ ላይ «ን» ወይም «ም» ሲቀጠልም ያው ነው፣ አማርኛ ደግሞ ያለ ቅጥያ አይሄድም።

መፍትሔው በኮከቡና በቀጣዩ ፊደል መካከል ስፋት የሌለው ክፍት ቦታ ማስገባት ነው፦ ኮንትሮል-ኤክስ፣ 8፣ ኤንተር፣ ከዚያ ስሙን «ዜሮ ዊድዝ ስፔስ» ብሎ መጻፍ። በቀን ሃያ ጊዜ የምታደርጉት ከሆነ ለአንድ ቁልፍ ስጡት። በማርክዳውን፣ ማለትም በኦብሲዲያንና በፓንዶክ፣ ድርብ ኮከብ ከተጠቀማችሁ ሁለቱም ሁኔታ ያለችግር ያልፋል። በአንደርስኮር ከሆነ ግን ቅጥያ ያለው ቃል እዚያም ይሰበራል። ብዙ ቦልድ ያለበት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ከሆነ ይህ ብቻውን ወደ ማርክዳውን ሊመራችሁ ይገባል።

ሥራን መከታተል

እዚህ ላይ ኦርግ የሚስተካከለው የለውም። የሥራ ደረጃዎችን በአማርኛ መሰየም ይቻላል፦ «ይሠራ»፣ «ይጠበቅ»፣ ከቋሚ መስመሩ («|») በኋላ «ተጠናቀቀ»። በቅንፍ የሚሰጠውን የመምረጫ ፊደል ግን ላቲን አድርጉት፤ ካልሆነ ለአንድ ቁልፍ ስትሉ ኪቦርድ ትቀይራላችሁ። ደረጃዎቹ የተጻፉበትን መስመር ከቀየራችሁ በኋላ በላዩ ላይ ቆማችሁ ኮንትሮል-ሲን ሁለት ጊዜ ካልተጫናችሁ ለውጡ አይታወቅም።

«አጀንዳዬ ባዶ ነው» የሚለው ቅሬታ ሦስት ምንጭ አለው። አንደኛ፣ ፋይሉ በ«ኦርግ አጀንዳ ፋይልስ» ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ኮንትሮል-ሲና «[» ያስገባዋል። ሁለተኛ፣ ቀኑ በ«[» እና በ«]» መካከል ተጽፏል፤ አጀንዳ ላይ የሚወጣው በ«<» እና በ«>» መካከል ያለው ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ አጀንዳን የሚከፍተው ቁልፍ በነባሪ አልተመደበም፣ እናንተ መመደብ አለባችሁ። በየጊዜው የሚደጋገም ሥራም ያሳስታል፦ «+» ካለፈው ቀን ላይ አንድ ዙር ብቻ ይጨምራል፣ «++» ቀኑ ከዛሬ እስኪያልፍ ይዘላል፣ «.+» ከጨረሳችሁበት ቀን ይቆጥራል። ለቤት ኪራይ ሁለተኛው፣ ለውኃ ማጣሪያ ቅያሪ ሦስተኛው ይስማማል።

በአጀንዳው አንድ ቀን ላይ ቆማችሁ ትልቁን ሲ ስትጫኑ የዚያ ቀን አቻ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ይታያል። በሁለት የቀን መቁጠሪያ መካከል ለሚኖር ሰው፣ በተለይ በውጭ ሆኖ ለአገር ቤት ጉዳይ ለሚሮጥ፣ ይህ ታላቅ እፎይታ ነው።

በኦብሲዲያን የታስክስ ፕለጊን ቀኑን የሚያነበው ከመስመሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ነው። ከቀኑ በኋላ አንድ ቃል ከጨመራችሁ ቀኑ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ማስታወሻችሁን ከቀኑ በፊት አድርጉት። መተግበሪያው ከዘገየ ወይም ከተዛባ መጀመሪያ የተከለከለ ሁነታን አብሩና ፕለጊኖቹን አንድ በአንድ መልሱ። ቱዱ-ቴክስት የመጨረሻ ቀን የሚባል ነገር በመሠረታዊ ደንቡ ውስጥ የለውም። ቅድሚያውም በመስመሩ መጀመሪያ በቅንፍ ያለ ትልቅ የላቲን ፊደል መሆን አለበት። ለገበያ ዝርዝርና ለአጭር ሥራ ይበቃል፤ ከዚያ አልፎ አንመክረውም።

ሌሎች የተለመዱ ስሕተቶች

ኦርግ አዲስ እትም ሲጫንበት «ቨርዥን ሚስማች» ካለ ኢማክስ የድሮውን ከፍቶ ሳለ አዲሱ ተጭኗል ማለት ነው። አዲሱን ጥቅል አጥፉት፣ ኢማክስን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ አንድም የኦርግ ፋይል ሳትነኩ መልሳችሁ ጫኑት። አራተኛ ደረጃ ርእስ በሰነዱ ላይ ተራ ዝርዝር ሆኖ ከወጣ ነባሪው ገደብ 3 ስለሆነ ነው፤ በ«ኦፕሽንስ» መስመር ላይ ኤችን 5 አድርጉት። በዊንዶውስ ለሊብሬኦፊስ የሚሆን ሰነድ አልወጣ ካለ የጎደለው ዚፕ የተባለው ፕሮግራም ነው።

ከኦብሲዲያን ወደ ፓንዶክ የሚያሻግር ሰው ደግሞ ዝርዝሮቹ ከአንቀጹ ጋር ተጣብቀው ያገኛቸዋል። ፓንዶክ ከዝርዝር በፊት ባዶ መስመር ይፈልጋል፣ ኦብሲዲያን አይፈልግም። በድርብ ማዕዘን ቅንፍ («[[ ]]») የተጻፉ አገናኞችንም በነባሪ አያውቃቸውም።

ለማን የቱ?

ዎርድ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ላለው ሰው ማርክዳውንና ፓንዶክ ይሻላሉ፤ አንድ ጊዜ ስታይሎቹን ያስተካከላችሁበትን የዎርድ ፋይል በ«ሬፈረንስ ዶክ» ስትሰጡት ሁሉም ሰነድ በዚያው መልክ ይወጣል። በስልክ ብዙ የሚጽፍና ፒዲኤፍ አልፎ አልፎ የሚያወጣ ኦብሲዲያንን ይያዝ። ቀነ ገደብ የበዛበት፣ ረጅም ጽሑፍ የሚያዘጋጅና ሁለት ሳምንት ለመማር የፈቀደ ኦርግን ይምረጥ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እኛም ያለ ማመንታት የምንመክረው እርሱን ነው።

የድሮ ማስታወሻችሁን ከማዛወራችሁ በፊት አንድ የሙከራ ገጽ ሥሩ። በውስጡም አራት ነጥብ የተከተለው ቦልድ ቃል፣ «ን» የተቀጠለበት ቦልድ ቃል፣ አራተኛ ደረጃ ርእስ፣ ሦስት ዓምድ ያለው የአማርኛ ሠንጠረዥና አንደርስኮር ያለበት የፋይል ስም ይኑር። በኦርግ ስክሪን ላይ ሠንጠረዡ ተዛንፎ ቢታይ አትደንግጡ፤ የፊደላችን ስፋት ከላቲኑ ስለሚለይ ነው፣ የሚወጣው ሰነድ ላይ ይስተካከላል። ከአንደርስኮር በኋላ ያለው ፊደል ዝቅ ብሎ ከወጣ ግን እውነተኛ ጥፋት ነው፤ በ«ኦፕሽንስ» መስመር ላይ «^:{}» ስትጨምሩ ይቀራል።