ቢን ካርድ፣ ኤክሴል፣ ፒችትሪ ወይስ ኦዱ? ለባሕር ዳር ነጋዴ የእቃ ቁጥጥር ሥርዓቶች ንጽጽር

በባሕር ዳር የሕንፃ መሣሪያ የሚነግድ ሰው አብዛኛውን እቃ የሚያስመጣው ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው አዲስ አበባ ነው። ስለሆነም ሥርዓት ሲመርጥ «በመጋዘኔ ስንት አለ?» ከሚለው ይልቅ «መቼ ልዘዝ?» የሚለውን ጥያቄ ማስቀደም ይኖርበታል።

ቢን ካርድ፣ ማለትም የእያንዳንዱ እቃ እንቅስቃሴ በእጅ የሚጻፍበት የመደርደሪያ ካርድ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሚገባ ይመልሳል፤ ገቢው፣ ወጪውና ከወጪ ቀሪው በመደርደሪያው ላይ ይታያል፤ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ግን ስሌት ያስፈልጋል። በቀን 8 ባልዲ ቀለም የሚሸጥ፣ ከትእዛዝ እስከ ርክክብ 6 ቀን የሚፈጅበት፣ ለመጠባበቂያም 15 ባልዲ የሚይዝ ነጋዴ፣ ቀሪው 63 (8 × 6 + 15) ሲደርስ ማዘዝ አለበት፤ ይህ ቁጥር የእቃው ዝቅተኛ መጠን ነው። ይህንን ለ30 ዓይነት እቃ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ለ400 ዓይነት እቃ ግን የሚሠራው ሰው አይገኝም።

ኤክሴል ስሌቱን ይሠራል፤ ዝቅተኛው መጠን ላይ የደረሰውንም እቃ በቀለም ይለያል። አንድ ሱቅ፣ አንድ መጋዘንና አንድ መዝጋቢ ላለው ሰው ከዚህ በላይ ወጪ ማውጣት አስፈላጊ አይመስለኝም። መዝጋቢዎቹ ሁለት ሲሆኑ ግን ብዙውን ጊዜ ፋይሉም ሁለት ይሆናል፤ ቁጥሩን ማን እንደቀየረው ለማወቅም ያስቸግራል።

የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ፣ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከ10 ዓመት በላይ ቢሆነውም በእኛ ዘንድ አሁንም በቀድሞው ስሙ የሚጠራው፣ ትልቁ ጥቅሙ የሚያውቀው የሒሳብ ሠራተኛ በቀላሉ መገኘቱ ነው። ሽያጭ ሲመዘገብ እቃውን ይቀንሳል፤ የተሸጠውን እቃ ዋጋም ወደ ሒሳብ መዝገብ ያስተላልፋል፤ በመሆኑም ባለቤቱ የትኛው እቃ እንደሚያተርፍ፣ የትኛው ደግሞ ገንዘብ ይዞ እንደተቀመጠ አይቶ ይወስናል። የዋጋ አያያዝ ዘዴው፣ ማለትም የተሸጠው እቃ በየትኛው የግዢ ዋጋ እንደሚሰላ የሚወስነው፣ እንቅስቃሴ ከተመዘገበ በኋላ ስለማይለወጥ በመጀመሪያው ቀን መታሰብ አለበት፤ ኋላ የገባው ቀድሞ ይወጣል የሚለው ዘዴ በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ተቀባይነት የለውም። ደካማ ጎኑ አንድን እቃ በየመጋዘኑ ለይቶ አለመያዙ ነው፤ ብዙዎች ለአንዱ እቃ ሁለት ኮድ እየሰጡ ያልፉታል፤ ይህም ድምሩን ያደናግራል።

ኦዱ የተባለው የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይህንን ክፍተት ይሞላል። መጋዘኖችን ለያይቶ ይይዛል፤ በመካከላቸው የሚደረገውን ዝውውር ይመዘግባል፤ የመድኃኒትና የምግብ ነጋዴ የሚፈልገውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይከታተላል፤ እቃው ከዝቅተኛው መጠን ሲወርድም የግዢ ትእዛዝ ረቂቅ ያዘጋጃል። በራስ ኮምፒውተር ላይ ከተተከለ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ነፃው እትም ግን ሙሉ የሒሳብ አያያዝ የለውም፤ የሚተክለውና የሚጠግነው ባለሙያም ክፍያ ይጠይቃል። እንግዲህ ሁለት መጋዘን ያለው ወይም ቀኑ የሚያልፍበት እቃ የሚነግድ ኦዱን፣ በአንድ መጋዘን ሆኖ ሒሳቡን አደራጅቶ መያዝ የሚፈልግ ፒችትሪን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሁለቱም ቢሆኑ ዝቅተኛውን መጠን የሚያውቁት ሰው ሲነግራቸው ነው። በበጋ የተመዘገበው የውጭ ግድግዳ ቀለም ዝቅተኛ መጠን ክረምት ሲገባ ካልተቀነሰ፣ ሥርዓቱ ለማይሸጥ እቃ ያዘዘ ይሆናል።

ከመክፈል በፊት የሥርዓቱ ሻጭ ከራስዎ መጋዘን በተመረጡ 20 እቃዎች የአንድ ሳምንት ገቢና ወጪ እንዲመዘግብ ይጠይቁት፤ በመጨረሻም እቃውን ቆጥረው ቀሪውን ከቢን ካርዱ ጋር ያመሳክሩ።