ለጓሮ የቀስት ልምምድ የትኛው መከታ ይሻላል? ገለባ፣ ማዳበሪያ፣ ፎም፣ መረብ ወይስ ጎማ

ልጄ ቀስት የለመደችው ትምህርት ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2002 ኬንታኪ ላይ የተጀመረ የትምህርት ቤቶች የቀስት ፕሮግራም አለ። ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀስት ይይዛሉ፤ ከ10 እና ከ15 ሜትር ላይ ሆነው 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ኢላማ ላይ ይወረውራሉ። እሷ ግን የትምህርት ቤቱ አልበቃት አለ። «አባዬ፣ ጓሯችን እኮ 15 ሜትር ይሆናል» አለችኝ። ሜትር ይዛ ወጣች፣ ለካችው፣ 17 ሆነ።

እኔም ሄጄ በ70 ዶላር ባለ አራት ማዕዘን የፎም ኢላማ ገዛሁ። የእንጨት አጥራችን ሥር አስቀመጥኩት። አጥር ስላለ ጣጣው ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ ከአዲስ አበባ የመጡ። በነጠላቸው ጫፍ አንድ ፍላጻ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይቺ የናንተ ናት? ቲማቲሜ መሃል ተተክላ አገኘኋት።»

እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን ላብ አጠመቀኝ። ፍላጻዋ ከኢላማውም ከአጥሩም አናት በላይ አልፋ ሄዳለች። እማማ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን ይዘው እዚያው ቲማቲም ሥር ነው የሚቀመጡት።

ያን ቀን ቀስቱ መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተቆለፈበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ የተለያየ መከታ ስሠራ፣ ስገዛና ስጥል ቆየሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። ቀስት የምለው የሚለጠጠውን፣ ፍላጻ የምለው የሚበረውን ነው፤ ሰው ሲደባልቃቸው ስለምሰማ ነው።

ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ?

ኢላማ የመታኸውን ፍላጻ ይይዛል። መከታ ደግሞ የሳትከውን። ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ገንዘቡን ኢላማው ላይ ይጨርስና ለመከታው «አንድ ነገር እናደርጋለን» ይላል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። ኢላማው ካርቶን ቢሆን እንኳ ጀርባው አስተማማኝ ከሆነ ማንም አይጎዳም። 150 ዶላር የወጣበት ኢላማ ከጀርባው ባዶ ከሆነ ግን የጎረቤት ቲማቲም ነው የሚጠብቅህ።

ከመግዛትህ በፊት ሁለት ነገር አጣራ። አንደኛ፣ ከተማህ ወይም ካውንቲህ በጓሮ ቀስት መወርወር ይፈቅዳል ወይ? አንዳንዱ ቦታ ሕጉ ቀስትን ከጦር መሣሪያ ጋር ደርቦ ያየዋል፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ከአጥር የተወሰነ ርቀት ይጠይቃል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆነ የእነሱም ደንብ አለ። ስልክ ደውሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው የቀስቱ ጉልበት ነው። 25 ግራም የሚመዝን ፍላጻ ተራ ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ፣ መዘውር የሌለው) ቀስት በሰከንድ 55 ሜትር ቢልከው ወደ 38 ጁል ጉልበት ይዞ ይደርሳል። ያንኑ ፍላጻ ባለ መዘውሩ ኮምፓውንድ በሰከንድ 90 ሜትር ቢልከው ጉልበቱ 101 ጁል ገደማ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ «ለእኔ ይዞልኛል» የሚል ሰው ምክር ቢሰጥህ መጀመሪያ ቀስቱ ምን እንደሆነ ጠይቀው። ከታች ያለው ሁሉ ተራውን ሾጣጣ የልምምድ ጫፍ ታሳቢ ያደረገ ነው። ባለ ምላጩ የአደን ጫፍ መረቡንም ማዳበሪያውንም ቀድዶ ያልፋል፤ ጓሮ ውስጥ ባታስበው ይሻላል።

ዋጋዎቹ እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የከፈልኳቸው ናቸው።

የገለባ እስር

የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው፤ ዛሬም ጓሮዬ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አንዱ እስር 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ስፋትና 35 ቁመት ገደማ አለው። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ አራት ደርብ ብትከምር 1 ሜትር ከ80 ስፋትና 1 ሜትር ከ40 ቁመት ያለው ግድግዳ ይወጣሃል። ስምንት እስር፣ አንዱ በ10 ዶላር፣ 80 ዶላር።

ስትገዛ ገለባና ድርቆሽ አታምታታ። ሻጩ ጋ ሁለቱም ታስረው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ድርቆሹ ለከብት የሚሰጠው ሣር ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አይጥም ይጠራል። አንተ የምትፈልገው ቢጫውን፣ ደረቁንና ባዶውን አገዳ ነው። ደግሞ በእጅህ ጫን ብለህ እየው። እጅህ ከሰመጠ ልል ነውና ተወው። ጠንካራ እስር እንደ ፍራሽ ሳይሆን እንደ ግንድ ነው የሚመልስልህ።

አደራደሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ገመዱ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሆን አድርገህ አስተኛው። ገመዱ ወደ አንተ ከዞረ አንድ ፍላጻ ይበጥሰውና እስሩ እንደ ተፈታ ነዶ ይዘረገፋል። እኔ ላይ ደርሷል፤ ጓሮዬ አውድማ መሰለ። ከሥር ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) አንጥፍ፣ እርጥበት እንዳይስብ። መላውን ክምር በሁለት የጭነት መኪና ማጥበቂያ ቀበቶ ግጥም አድርገህ እሰረው፤ በየሁለት ሳምንቱ እንደገና አጥብቀው። ሸራ ከላይ ብቻ ጣልበት። ዙሪያውን ከሸፈንከው ላቡን ያምቅና ከውስጥ ይሻግታል።

ችግሩ ዕድሜው ነው። የሜሪላንድ በጋ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ የኔ ገለባ ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልም። መሃሉ በመመታት ብዛት ይላላል። ያኔ የመሃሉን እስር አውጥተህ ከዳሩ ጋር ታቀያይረዋለህ። ለኮምፓውንድ የአንዱ እስር 45 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አዲስ ሳለ ይበቃል፤ ሲላላ ግን አያስተማምንም። ከጀርባው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

የጎማ ምንጣፍ

ያ ሌላ ነገር ይሄ ነው። በፈረስ ጋጣ ወለል ላይ የሚነጠፍ ጥቁር ወፍራም ጎማ ነው፤ የእርሻ ዕቃ መደብር ይሸጠዋል። 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ80፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እኔ 60 ዶላር ከፈልኩ። ክብደቱ ግን 45 ኪሎ ይጠጋል። ብቻህን ልታነሳው አትሞክር። እኔ ሞክሬ ሁለት ቀን በወገቤ ተኝቻለሁ።

ከላይ በጠንካራ እንጨት ላይ አንጠልጥለው፤ ከታች ልቅ ይሁን። ሲመታ ወደ ኋላ ሸሸት እያለ ጉልበቱን ይውጠዋል። ዝናብ ምንም አያደርገውም።

እንደ ኢላማ ግን አትጠቀምበት። የገባው ፍላጻ በቀላሉ አይወጣም፤ ዘንጉ ላይም ጥቁር የጎማ ቀለበት ይቀራል። ደካማ ቀስት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ፍላጻው ሳይገባ ነጥሮ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። ልጄ ከ8 ሜትር ላይ አንዱን ወርውራ እግሯ ሥር ተመልሶ ወድቋል። ለልጅ ቀስት ጎማውን ብቻውን አታቁም። ከገለባው ኋላ ከሆነ ግን የሚያህለው የለም።

መረብ

ቦታ ለሌለው፣ ቤት ለተከራየ፣ ከልምምድ በኋላ ሁሉንም ጠቅልሎ ማስገባት ለሚፈልግ ሰው መረብ ነው መልሱ። ለቀስት ተብሎ የተሠራውን ማለቴ ነው። የእግር ኳስ ጎል መረብ አይሆንም፤ ፍላጻ ያንን እንደሌለ ቆጥሮ ነው የሚያልፈው። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነው 90 ዶላር ወጣብኝ።

መረብ የሚሠራው በልቅነቱ ነው። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወጥረህ ካሰርከው ፍላጻው ይበሳዋል። እጥፋት እየሠራ የሚንጠለጠል መጋረጃ ይምሰል፤ ታቹም መሬት ላይ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይረፍ። ከኢላማው ኋላ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋልና። ከመረቡ ጀርባ ደግሞ ሰው፣ መስኮት ወይም መኪና አይኑር። ፍላጻው ቢያዝም ጫፉ በማዶ ወጥቶ ነው የሚቆመው።

ሥራ ቦታ የማውቀው አዳኝ ለመለጠጥ 60 ፓውንድ ጉልበት የሚጠይቀውን ኮምፓውንዱን ይዞ መጥቶ ከ10 ሜትር ሞከረልኝ። ሁለቱ ተያዙ፤ ሦስተኛው ላባውን መረቡ ላይ ጥሎ አለፈ። ከኋላው ገለባው ባይኖር ኖሮ እማማን ለሁለተኛ ጊዜ ይቅርታ መጠየቄ ነበር። ስለዚህ ለኮምፓውንድ መረብን ብቻውን አላምነውም። ፀሐይም ክሩን ያደርቀዋልና ውጭ ሰቅለህ አትርሳው።

ማዳበሪያ በቡትቶ

አሁን ወደ ኢላማው እንለፍ፤ ይሄ ግማሽ ኢላማ፣ ግማሽ መከታ ነውና። የተፈተለ የፕላስቲክ ከረጢት፣ እኛ ማዳበሪያ የምንለው፣ እዚህም የከብት መኖ ይመጣበታል። ውስጡን በአሮጌ ልብስ ትጠቀጥቀዋለህ። ወጪው ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቴም በዚህ ሰበብ ቁም ሳጥኔን አጸዳችልኝ፤ የማልለብሳቸው ሁለት ኮቶች እዚያ ውስጥ ናቸው።

ዚፕና የብረት ቁልፍ ካለ ቁረጥ፤ ፍላጻ ይሰብራል። ጠቅጥቅ ስል እግርህን አስገብተህ እየረገጥክ ማለቴ ነው። ጥሩው ነገር ፍላጻው በሁለት ጣት መውጣቱ ነው። ለልጅ ከዚህ የሚመች የለም። መጥፎው ነገር ደግሞ ከወር በኋላ ቡትቶው ወደ ታች ይወርድና አናቱ ባዶ ይቀራል። ከውጭ ስታየው ሙሉ ይመስላል፤ ፍላጻው ግን አናቱን በስቶ በጀርባ ይወጣል። በየጊዜው በእጅህ እየጫንክ አረጋግጥ። ዝናብ ካገኘው ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ይሸታልም።

ፎም በገዛ እጅ፣ ወይስ የተገዛ?

የልጆች መጫወቻ ወለል ላይ የሚገጣጠመውን ለስላሳ የፎም ምንጣፍ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ቁራጮች ትቆርጣለህ፤ ትደራርባለህ፤ ከላይና ከታች ጣውላ አድርገህ በአራት ባለ ጥርስ የብረት ዘንግ ታጠብቃለህ። ፍላጻው በንብርብሮቹ መሃል ገብቶ በሰበቃ ብቻ ይቆማል። ሲላላ ብሎኑን ማዞር ነው። ካርቶንም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ አንድ ዝናብ ግን ይጨርሰዋል። አሮጌ ካርፔትም ይሆናል፤ ነገር ግን አነካከሱ ለጉድ ነው፣ ልጄ አንዱን ፍላጻ ለማውጣት በሁለት እጇ ተንጠልጥላበታለች።

ግድግዳ ውስጥ ለሙቀት መከላከያ የሚገባው ደረቅ ፎም ግን አይረባም። ፍላጻው ሲገባ ከሰበቃው ሙቀት የተነሳ ይቀልጥና ዘንጉ ላይ ይጣበቃል። ጓሮውም በፍርፋሪ ይሞላል።

እኔ ለእንጨቱ፣ ለዘንጉና ለፎሙ 95 ዶላር አወጣሁ፤ አንድ ቅዳሜም ሙሉ ፈጀብኝ። የ70 ዶላሩ የሱቅ ፎም አሁንም አለ፤ አንዱ ፊቱ ሲጎዳ በሌላው እናዞረዋለን። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ልጅ ብቻ ለሚወረውርበት ቤት ኢላማውን ግዛ፣ መከታውን ሥራ። ፎሙን ራስህ መሥራት የሚያዋጣው ትልቅ ስፋት ስትፈልግ ነው።

ኮምፔርሳቶ እንዴት ነው ለሚሉኝ፦ አይሆንም። ፍላጻው ወይ ይነጥራል ወይ ይሰበራል። የተሰነጠቀ የካርቦን ፍላጻ ዳግመኛ ሲወረወር እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ፍላጻ ጠንካራ ነገር ከመታ አንሳና ቀስ ብለህ ጎንበስ አድርገው፤ ሲጥ የሚል ድምፅ ከሰማህ ሰብረህ ጣለው።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

የልጅ ቀስትና ትንሽ ጓሮ ካለህ የማዳበሪያ ኢላማ ከፊት፣ መረብ ከኋላ። ከ100 ዶላር አያልፍም፣ ጋራዥ ጥግም ይገባል። ሪከርቭ ይዞ በየቀኑ የሚለማመድ ሰው የሱቅ ፎምና የገለባ ግድግዳ ይያዝ። ኮምፓውንድ ከሆነ ገለባው ኋላ ጎማውን ጨምር፤ ገንዘብ ካጠረህ ከኢላማው ቀንስ እንጂ ከጎማው አትቀንስ። ተዳፋት ያለው፣ ድንጋይ የሌለበት የአፈር ጉብታ ጓሮህ ውስጥ ካለ ደግሞ እድለኛ ነህ፤ ኢላማውን እሱ ሥር አቁም።

የትኛውንም ብትመርጥ ወርዋሪው ከፍ፣ ኢላማው ዝቅ ይበል። እኛ አሁን ከበረንዳው ደረጃ ላይ ነው የምንወረውረው፤ የተሳተው ወደ መሬት ነው የሚሄደው።

እማማ አሁንም ጠዋት ቲማቲማቸው ሥር ይቀመጣሉ። በየፀደይ ገለባውን ስቀይር አሮጌውን ይወስዱታል፤ መደቡ ላይ ሲያለብሱት እርጥበት ይይዝላቸዋል። ከመስጠቴ በፊት ግን ዘርግቼ ማግኔት አዞርበታለሁ። ዘንድሮ ሁለት የብረት ጫፍ ወጣ።